«አስፈራራኝ እንጂ አላስፈራኝም»፦ ስለ አንድ ግስ ፍቺና የዕለት አገልግሎት

በልቦለድ ላይ በሚቀርቡ የተማሪዎች ጥናቶች ውስጥ «ማስፈራራት» የሚለው ቃል ሲዘወተር አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በእንግሊዝኛ የሂስ መጻሕፍት ውስጥ «ኢንቲሚዴሽን» የሚባለውን ለመተካት ነው። ገጸ ባሕርይው ቁጡ ከሆነ «ያስፈራራል» ይባላል፤ ሌላው አንገቱን ከደፋ «ማስፈራራት ደረሰበት» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ጥናቱ ወደ ሌላ ርእስ ያልፋል። ጋዜጣውና ራዲዮውም ከዚህ አይለዩም፤ «ማስፈራራትና ወከባ» የሚለው ጥንድ ሐረግ ከተለመደ ቆይቷል። ትርጉሙ ስሕተት ነው ለማለት አልነሣሁም። ሆኖም ሁለቱ ቃላት የማይገጥሙበት አንድ ቦታ አለ። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን «ፈሪ» ከሚል ስር የተወለደ ሲሆን፣ ሰውን ፈሪ ማድረግን ይናገራል፤ ውጤቱ ከቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። የአማርኛው ግስ ግን ስለ ውጤቱ አንዳች አይነግረንም። ይህ ልዩነት ለሰዋስው መምህር ብቻ የሚተው ሳይሆን ልቦለዶቻችንን የምናነብበትን መንገድ የሚነካ ነው የሚል እምነት ስላለኝ፣ ነገሩን ከግሱ ጀምሬ ለማየት እሞክራለሁ።

«ፈራ» ከሚለው ግስ በአድራጊ ምዕላድ «አስፈራ» ይገኛል፤ ሁለተኛው ተነባቢ ሲደገም ደግሞ «አስፈራራ» ይሆናል። ከ«ነካ» «ነካካ»፣ ከ«ሞከረ» «ሞካከረ»፣ ከ«ቆረጠ» «ቆራረጠ» እንደሚወጣ ሁሉ መንገዱ የታወቀ ነው። በዚህ ዓይነት ድግግሞሽ አንዳንዴ ድርጊቱ ይበዛል፣ አንዳንዴ ይሳሳል፤ «ሞካከረ» ያልነው ሰው ነገሩን ከዳር ከዳር ነካክቶ የተወው ነው። በ«አስፈራራ» ላይ የሆነው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። «ቢያስፈራራኝም አልፈራሁም» የሚል ሰው ደኅና አማርኛ ተናግሯል። «ቢያስፈራኝም አልፈራሁም» ቢል ግን አድማጭ ግራ ይጋባል፤ አስፈርቶት ሳለ እንዴት አልፈራም? ስለዚህ «አስፈራ» ያለቀለት ድርጊት ነው፤ ፍርሃቱ በተፈሪው ልብ ውስጥ ካልገባ ግሱ እውነት አይሆንም። «አስፈራራ» በአንጻሩ ፍርሃቱ ቢገባም ባይገባም እውነት ሆኖ ይቆማል። በርእሱ ላይ ያስቀመጥሁት አባባል ትርጉም የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ጨለማ ያስፈራል፤ ገደል ያስፈራል፤ መድረክ ላይ መውጣትም ያስፈራል። ነገር ግን ጨለማ አያስፈራራም፤ ገደልም አያስፈራራም። ጅብ እንኳ «አስፈራራኝ» ከተባለ ተረት ውስጥ ገብተናል ማለት ነው። ለማስፈራራት አሳብ ያስፈልጋል፤ አሳብ ያለው ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ አማርኛ በአንዲት ፊደል ድግግሞሽ ሁለት ነገር አድርጓል፤ ከአድራጊው በኩል ፈቃድን ጨመረ፣ ከተደራጊው በኩል ውጤትን ቀነሰ። አስፈራሪው በራሱ በኩል ሥራውን ጨርሷል። የቀረውን የሚሠራው የተነገረው ሰው ነው።

ከዚሁ ግስ የወጣው «ማስፈራሪያ» የሚለው ስምም ይህንኑ ይመሰክራል። የማስፈራሪያ ደብዳቤ፣ የማስፈራሪያ ስልክ እንላለን፤ በማሳ መካከል ለወፍና ለዝንጀሮ ለሚተከለውም ማስፈራሪያ እንላለን። አሮጌ ኮትና ባርኔጣ የለበሰው እንጨት ወንጭፍ የለውም፤ ቢኖረውም የሚወነጭፍበት እጅ የለውም። ወፏ ከማሽላው የምትርቀው እንጨቱ ስላደረገባት ነገር አይደለም፤ ከዚህ በፊት ሰው ስላደረገባት ነገር እንጂ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ለማስፈራሪያ ኀይል የሚሰጠው ትዝታ ነው።

ከዚህ ላይ ዘመዶቹን ቃላት ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። ዛቻ የማስፈራራት ታላቅ ወንድም ይመስላል፤ ነገር ግን «እንደ ዛተው አደረገ»፣ «ዛቻውን ፈጸመ» እንላለን። «እንዳስፈራራው አደረገ» ብንል ጆሮ ይቆረቁራል፤ «ማስፈራራቱን ፈጸመ» ደግሞ ጨርሶ አይባልም። ዛቻ ነገን ያሳያል፤ የሚፈጸም ወይም የማይፈጸም ቃል ነው። ማስፈራራት የሚፈጸም ነገር የለውም። ድንፋታ ደግሞ ድምፅ ነው፤ ተደንፍቶበት የነበረ ሰው ዞር ሲል ሊስቅ ይችላል። ግልምጫ የዓይን ነው። ማስጠንቀቂያ የመሥሪያ ቤት ሆኗል፤ ወረቀትና ማኅተም ይወዳል። የእንግሊዝኛውን ቃል ፍለጋ ከወጣን ግን በእኔ ግምት ይበልጥ የሚቀርበው «ማሸማቀቅ» ነው። የተሸማቀቀ ሰው ትከሻው ይገባል፤ ድምፁ ይቀንሳል፤ በሰው ፊት ቦታው ይጠበዋል። «አሸማቀቀኝ እንጂ አልተሸማቀቅሁም» ማለት አይቻልም፤ ውጤቱ ከግሱ ጋር የተሰፋ ነው። በዚያ ላይ ፍርሃትን ከኀፍረት ጋር ቀላቅሎ ይዟል። ይህን ቅልቅል የማናይ ከሆነ ብዙ ገጸ ባሕርያትን «ፈሪ» ብለን እንፈርድባቸዋለን፤ የሚበዙት ግን ያፈሩ ናቸው።

አሁን ወደ ዕለት ንግግሩ ልለፍ። በአማርኛ እንዴት ይስፈራራል? መልሱ በአጭሩ፣ ዐረፍተ ነገርን ባለመጨረስ ነው። «አትንካው» የሚለውን ከ«እንዳትነካው» ጋር እናስተያይ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው፤ ዋና ግሱ እዚያው አለ፤ ያልቃል። ሁለተኛው ግን በመሠረቱ ጥገኛ ሐረግ ነው። «እንዳትነካው ተጠንቀቅ»፣ «እንዳትነካው ነግሬሃለሁ» የሚል ዋና ግስ ይጠብቃል። ያ ግስ ይጣልና ጥገኛው ሐረግ ብቻውን አየር ላይ ይንጠለጠላል። አስፈሪነቱም ከተጣለው ቦታ ይመጣል። «እንዲህ ብታደርግ...» ብሎ ዝም ማለትም ያው ነው። «ባላሳይህ!» ስንልም የማሰሪያው ግስ ከነመሐላው ወድቋል፤ ሙሉው ሲነገር «ባላሳይህ ከምላሴ ጠጉር» ይባል ነበር። የሚገርመው፣ ሙሉው ሲነገር ያስቃል፤ ሲቆረጥ ያስፈራል። ከሁሉ ያጠረው ደግሞ «ዋ!» ነው። አንድ ፊደል ናት። እናት ወደ እሳት ለሚዳዳ ልጇ ትላታለች፤ ጎረምሳም ለጎረምሳ ይላታል። ከዚች በታች ያለው ዝምታና ዓይን ብቻ ነው።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ልጠቁም። «ለ» የሚለው መስተዋድድ በአማርኛ ለተጠቃሚ ነው፤ «በ» ለተጎጂ። «ሠራልኝ» እና «ሠራብኝ» ሲነጻጸሩ ነገሩ ግልጽ ነው። በማስፈራራት ጊዜ ግን «ቆይ፣ እሠራልሃለሁ» ይባላል፤ «ወዮልህ» ይባላል። ጉዳቱ በስጦታ መልክ ይመጣል። ይህ ምፀት ከቋንቋው ውስጥ ስለ ገባ ተናጋሪው ምፀተኛ መሆን አያስፈልገውም፤ ሰዋስው ይመጽትለታል። አክብሮትም እንዲሁ ያገለግላል። ዘመኑን ሁሉ «አንተ» ሲል የኖረ አለቃ አንድ ቀን ድምፁን ሳያነሣ «እርስዎ» ብሎ ከጀመረ፣ የተነገረው ሰው ቤቱ ሲገባ እራት የሚበላ አይመስለኝም።

ያልተጨረሰው ዐረፍተ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ የተጨረሰ ግን ሁለት ፍቺ ያለው ንግግርም አለ። «ለአንተው ብዬ ነው»፣ «እንደ ወንድም ልምከርህ»፣ «ልጆች አሉህ እኮ»፣ «ስምህ እየተነሣ ነው»። ከእነዚህ ውስጥ በእማሬያዊ ፍቺው ክፉ የሆነ አንድም የለም። ልጆች ያሉት ሰው ልጆች እንዳሉት ተነገረው፤ ምን ክፋት አለው? ሰሙ ምክር ነው፤ ወርቁ ማስፈራሪያ ነው። ሰምና ወርቅን ስናስተምር ስለ ውበቱ እንናገራለን፤ ተማሪውም ወርቁን ሲያገኝ ይደሰታል፣ ቅኔ ዐዋቂ ይባላል። በዚህኛው «ቅኔ» ግን ወርቁን ያገኘ ሰው የተያዘው እሱ ራሱ ነው። ያልገባው ሰው ነፃ ሆኖ ይሄዳል። ተናጋሪውም ቢጠየቅ በሰሙ ይከራከራል፤ «እኔ የመከርሁት ለደግ ነው» ይላል፤ ምስክር ቢቆጠር የሚመሰክሩት ምክሩን ነው። «ስምህ እየተነሣ ነው» የሚለው ደግሞ ተደራጊ ግሱ አንሺውን ስለሚደብቅ፣ ሰሚው በመሥሪያ ቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ በየተራ ይጠረጥራል። አንድ ሰው ያስፈራራው መቶ ሰው ይፈራል። በደራስያን ቃለ ምልልስ አጻጻፍ ላይ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች ይህን የንግግር ዓይነት ቢከታተሉት ብዙ የሚያገኙ ይመስለኛል፤ ፉከራው ላይ ብቻ ስናተኩር ቆይተናልና።

ስለ ፉከራ ከተነሣ፣ የቃል ግጥም ጥናቶቻችን ብዙውን ጊዜ «ጠላትን ለማስፈራራት የሚባል» ብለው ይበይኑታል። ብያኔው ግማሽ እውነት ነው። ፎካሪ «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ የሚነሣው በሰው መካከል ነው፤ በግብር ላይ፣ በጌታው ፊት፣ በጓደኞቹ ፊት። ስሙን ይናገራል፣ አባቱን ይጠራል፣ የገደለውን ይቆጥራል፣ ወደፊት የሚያደርገውን ይናገራል። ይህ ሁሉ ዕዳ ነው። ነገ በጦር ሜዳ ካልታየ «ፎክሮ ሸሸ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ለሱ ግብር ማዕድ ላይ መቀመጥ ከሞት ይከፋል። ፉከራ ተናጋሪውን ያስራል። ማስፈራራት ደግሞ ተናጋሪውን ነፃ ለቆ ሰሚውን ያስራል። አንዱ በአደባባይ፣ ሙሉ ስምና ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ጓዳ ውስጥ፣ ስም የለሽና ቆራጣ ሆኖ። ሁለቱን በአንድ ብያኔ ማሰር ለፉከራው ግፍ ነው እላለሁ።

ከፉከራው ጋር የስም አወጣጣችን ይሄዳል። ተፈራ፣ ተፈሪ፣ ናደው፣ ደምሰው፣ አትንኩት፣ አይደፈር፣ አሸብር። አራስ ቤት ያለ ሕፃን በወላጆቹ አፍ ሠፈሩን ሁሉ ያስፈራራል። የፈረስ ስሞችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ «በዝብዝ» የሚለው ስም ጠላት ገና ሳይደርስ ንብረቱን እንዲያስብ የወጣ ይመስላል። እዚህ ላይ ቃላቱ በጊዜ ብዛት የሄዱበትን መንገድ ማየት ደስ ይላል። በግእዝ «ግሩም» ማለት የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ ማለት ነበር፤ ዛሬ ጥሩ ወጥ ለሠራች ሴት «ግሩም ነው» እንላታለን። «ግርማ» ግን ፍርሃቱን አለቀቀም፤ ግርማ ያለው ሰው ሲገባ ሰው ሁሉ ይነሣል። «ሽብር» ወደ ተቃራኒው ሄደ። አሸብር የሚለውን ስም ያወጣ አባት ልጁ የጠላትን ሰልፍ እንዲበትን ተመኘ እንጂ ሌላ አላሰበም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ በራሱ አንደበት «ቀይ ሽብር» ብሎ ዐወጀ፤ ገዳዩ ወገን ቃሉን እንደ ፉከራ ለራሱ ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 652 እና እሱን የሻረው የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1176 ደግሞ ሽብርን የወንጀል ስም አድርገው ይዘውታል። አሸብር የሚባል ሰው ሦስቱንም ዘመን በአንድ ስም ኖሯል።

እስካሁን ያልነካሁት ነገር ቢኖር «መፍራት» በአማርኛ ሁልጊዜ ነውር አለመሆኑ ነው። «ሰው ይፈራል» ሲባል ልጁ ጨዋ ነው ማለት ነው። «ሰው አይፈራም» ስድብ ነው። «የተፈሩና የተከበሩ» ስንል ሁለቱን ቃላት እንደ መንትያ እንጠራቸዋለን፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ከሁሉ የበላይ ምግባር ነው። ስለዚህ የአማርኛ አስፈራሪ አንድ የተመቸ ምሽግ አለው፤ የሚጠይቀው ፍርሃት ሳይሆን ክብር እንደሆነ አድርጎ ይናገራል። «እኔን አይፈራም እኮ!» የሚል አባት ወይም አለቃ የጎደለበትን ድርሻ እንደሚጠይቅ ባለመብት ነው የሚናገረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ችግር ዐውቆታል። በመገደድ ስለሚደረጉ ውሎች ሲናገር የተዋዋዮቹ ዕድሜ፣ ፆታና ሁኔታ እንዲታይ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 1709 ደግሞ ለወላጅ ወይም ለበላይ ካለ የአክብሮት ፍርሃት የተነሣ የተደረገ ውል በመርሕ ደረጃ አይፈርስም ይላል፤ የተፈራው ሰው ራሱ ተዋዋይ ሆኖ ከልክ ያለፈ ጥቅም ካገኘ ግን ሊፈርስ ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 580 ላይ የሚጠይቀው ዛቻው ሰውን ለማሸበር ወይም ለማወክ የሚበቃ ክብደት እንዲኖረው ነው። ሕጉ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። «ዋ!» ብሎ የሄደ ሰው፣ «ልጆች አሉህ እኮ» ያለ ሰው እንዴት ይመዘናል? ይህን ለሕግ ሰዎች እተወዋለሁ። የእኛ ድርሻ ልቦለዱ ነው፤ ልቦለድ ያልተነገረውን ዋና ግስ ሊያሰማ የሚችል የጽሑፍ ዓይነት ነውና።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ ፊታውራሪ መሸሻን እንደ አስፈራሪ ገጸ ባሕርይ መቁጠር የተለመደ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ፊታውራሪ ፎካሪ ናቸው። የሚሉትን ጮክ ብለው ይሉታል፤ ያሉትንም ለማድረግ ይነሣሉ። ባላገሮቹ አንገብርም ባሉ ጊዜ ጦራቸውን ይዘው ዘመቱ፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ባላገሮች አሸንፈው ማረኳቸው። ደራሲው በዚህ ክፍል የሚያሳዩን የፉከራን መፈተን ነው፤ አደባባይ የወጣ ቃል አደባባይ ላይ ይወድቃል፤ አንባቢም የሚስቀው ለዚህ ነው። ፊታውራሪ አስፈራሪ ቢሆኑ ኖሮ አይዘምቱም ነበር፤ ቤታቸው ተቀምጠው «እናያለን» ይሉ ነበር፤ ባላገሮቹም እስከ ዛሬ ድረስ ባልተፋረዱ።

በልቦለዱ ውስጥ የሚያስፈራራው ሌላ ነው፤ እሱም አንድ ሰው አይደለም። የካሣ ዳምጤን ቅጽል እንመልከት። «ጉዱ ካሣ» ይሉታል። ማንም አይመታውም፤ ማንም «ዝም በል» አይለውም። ይናገራል፤ ይሰሙታል፤ ይስቃሉ። ቅጽሉ ግን በሱ ላይ ብቻ የተለጠፈ አይደለም። አሳቡን የሚጋራ ሌላ ሰው ቢኖር «ጉዱ» የሚባለው ሁለተኛው ሰው እሱ እንደሚሆን ያውቃል። አንዷ ቃል ለካሣ ስድብ ናት፤ ለቀረው አገር ማስፈራሪያ ናት። ማሳው መካከል እንደ ተተከለው እንጨት ቆሞ ሌሎቹን የሚያርቀው እሱ ራሱ ነው፤ የገዛ እውነቱ ማስፈራሪያ ሆኖበት። ይህን በማሰብ ሳነብ የካሣን ብቸኝነት ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ዕጣ ያላነሰ መራራ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሰብለም ብትሆን የምትሸማቀቀው በአባቷ ቁጣ ብቻ አይደለም። ለዘር ክብር ሲባል ባል የተከለከለች ሴት ዕድሜዋ ሲገፋ የሚታዘቧት ዓይኖች አሉ፤ ከዓይኖቹ ውስጥ አንዱም አልዛተባትም።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ሌላ መልክ አለው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ስለ መጽሐፉ ብዙ ተጽፏል፤ እኔን የሚስበኝ በዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አንጻር ከመጽሐፉ በኋላ የሆነው ነው። ለሌሎች ደራስያን «እንዳትጽፉ» ብሎ የተናገረ ባለሥልጣን መኖር አላስፈለገም። ባዶው መደርደሪያ ጥገኛ ሐረግ ሆነ፤ ዋናውን ግስ እያንዳንዱ ጸሐፊ በየቤቱ ሞላው። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባል ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ሆድ ሲፈጀው የሚቃጠለው ግን ያልተጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ያልተጻፈ መጽሐፍ ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ አይቆጠርም። የቅድመ ኅትመት ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ቀርቷል። ቀይ እርሳስ የያዘው ሰው ሲቀር ግን በጸሐፊው ውስጥ የተቀመጠው አብሮ የሄደ አይመስለኝም። ሳንሱር የሰረዘውን ሰረዞ ይመልሳል፤ የተሰረዘው ይታያል፤ ይቆጠራል። ፍርሃት የሰረዘው ምልክት የለውም። የዘመኑን ልቦለዶች የሚያጠና ሰው፣ ከተጻፈው ባልተናነሰ፣ ትረካው የት ላይ ድንገት ወደ ተፈጥሮ ገለጻ እንደ ዞረ፣ ቃለ ምልልሱ የት ላይ በነጥብ በነጥብ እንደ ተቆረጠ ቢመዘግብ ብርቱ ማስረጃ ያገኛል። በአማርኛ ልቦለድ ሦስት ነጥብ የሚበዛው ሁልጊዜ የአጻጻፍ ስልት ስለሆነ አይደለም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ሙያ ልምጣ። «ሂስ» የሚለው ቃል የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን በአብዮቱ ዘመን በቀበሌና በመሥሪያ ቤት ስብሰባ «ሂስና ግለ ሂስ» ተብሎ ያገለገለበት ጊዜ አለ። ሰው ተነሥቶ ራሱን ይከስስ ነበር፤ ያልከሰሰ እንደሆነ ሌላው ይከስሰው ነበር። ያን ያየ ትውልድ ዛሬም «ሂስ ልስጥህ» ሲባል ወንበሩ ላይ ሲስተካከል አያለሁ። የቃሉ ፍካሬያዊ ፍቺ በዐዋጅ አይለወጥም። ስለዚህ ሐያሲ «ይህ ልቦለድ አይባልም»፣ «ደራሲው ብዕሩን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል» ሲል የሚጽፈው ዐረፍተ ነገር ምንኛ ሙሉ እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። ምክንያት ከተከተለ ሂስ ነው፤ ደራሲው ሊመልስለት ይችላል። ምክንያት ካልተከተለ ግን «እንዳትጽፍ» ነው፤ ዋና ግሱ የወደቀ። በክፍል ውስጥም ከዚህ የራቅን አይደለንም። ተማሪ ተነሥቶ መምህሩን በሞገተ ጊዜ «ፈተና ላይ እንገናኝ» የሚል መልስ በየዩኒቨርሲቲው ይሰማል። ክፍሉ ይስቃል፤ መምህሩም ይስቃል፤ ሰሙ ቀልድ ነው። ቀጥሎ በነበረው ክፍለ ጊዜ ስንት እጅ እንደ ተነሣ የቆጠረ ግን የለም።